ለእንቁላል ዶሮ መኖ፦ ከበቆሎው ግማሹን በነጭ ማሽላ

ወሎ ውስጥ እንቁላል ጣይ ዶሮ የምታረቡ፣ ከቆቦና ከከሚሴ አካባቢ የሚመጣው ማሽላ ከበቆሎ ሲረክስ በመኖው ካለው በቆሎ እስከ ግማሹን ተኩበት። ነጩን ብቻ ግዙ። ዘንጋዳና ቀያይ ዝርያዎች ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሊኖራቸው ይችላል፤ ታኒን ፕሮቲኑን አስሮ ስለሚይዘው ዶሮዋ በልታም አትጠቀምም፣ እንቁላሉ ይቀንሳል። ስትገዙ አንድ ፍሬ በጥፍር ወይም በቢላ ፋቅ አድርጉ፤ ከቅርፊቱ ሥር ጠቆር ያለ ሽፋን ከታየ ተዉት። ከጉድጓድ የወጣ፣ ሻጋታ የሸተተ ማሽላ ደግሞ በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ወፍጮ ቤት ሸርከት ተደርጎ ይፈጨላችሁ። ከላመ መንቁራቸው ላይ እየተጣበቀ ይባክናል።

ቅያሬው ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ይሁን። የማሽላ ቢጫ ቀለም ትንሽ ስለሆነ አስኳሉ ይነጣል፣ ገዢም ያጉረመርማል፤ በኩንታል 3 ኪሎ ያህል በጥላ የደረቀ የአልፋልፋ ቅጠል ጨምሩ።

ማሽላ ፕሮቲን አይተካም፤ አኩሪ አተሩን አትቀንሱ። አኩሪ አተሩንም ጥሬውን አትስጡ፣ መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለበት፤ እያማሰላችሁ ቁሉት፣ ውስጡ ሳያር።