«ፍሎፑን ብቻ ልይ»፦ የፖከር ውድድር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሆነን ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ሳሎን ውስጥ እንሰበሰባለን። ድሮ ፒያሳ ነበርን። ሰፈሩ ሲፈርስ ጠረጴዛውም አብሮን ተሰደደ። ጨዋታችን ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው ፖከር ነው (ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት የጋራ ካርታ መሐል ላይ)፣ በውድድር መልክ። እያንዳንዱ ሰው 200 ብር ያዋጣና 10,000 ቺፕ ይቀበላል። ከ1,800 ብሩ አንደኛው 900፣ ሁለተኛው 540፣ ሦስተኛው 360 ይወስዳል። ቀድሞ የወጣ ቡና ያፈላል።

ሰው ሲሸነፍ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። መልሱ ሁሌ አንድ ስለሆነ ጻፍኩት። ፍላሽ (ለምሳሌ አምስቱም ልብ) ስትሬትን (አምስት ተከታታይ ካርታ) እንደሚበልጥ፣ መጨረሻ ላይ መናገር ለምን እንደሚጠቅም ታውቃለህ ብዬ ነው የምጀምረው። ካላወቅክ መጀመሪያ ቡናውን አፍላ።

ምልክት፦ «ኤስ-ኪንግ አይሆነኝም፣ ሁሌ ይከዳኛል»

አልከዳህም። ኤስ-ኪንግ ገና ጥንድ አይደለም። ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስቱ የጋራ ካርታዎች) ሲገለጥ ከ3 ጊዜ 2ቱን አይገጥምም። ከኩዊን ጥንድ ጋር ኦል ኢን (ያለው ቺፕ ሁሉ ተይዞ) ቢጋጠም እንኳ የሚያሸንፈው ከ100 ጊዜ 43 ያህሉን ነው። ከፍሎፑ በፊት አሳድግበት። ካልገጠመና ሰው ከጠነከረብህ ጣለው፤ አላገባኸውም።

ምልክት፦ «ሁለቱም ልብ ናቸው» እያሉ ኪንግ-4 መጫወት

ሁለት ልብ ይዘህ ፍሎፑ ላይ ወዲያው ፍላሽ የሚሠራልህ ከ118 ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። ጣለው።

ምልክት፦ ውድድሩ ሳይሞቅ ያልቃል፣ ሁሉም «ዕድል ነው» ይላል

ብላይንዱን (ሁለት ሰዎች በየተራቸው ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስይዙትን፣ ትንሹንና ትልቁን) በየ10 ደቂቃው እየጨመራችሁ ነው። በእጃችን እያደልን በሰዓት 25 እጅ (አንድ ዕደላ አንድ እጅ ነው) ከተጫወትን ጎበዝ ነን። በ10 ደቂቃ 4 እጅ መሆኑ ነው፤ የዲለሩ (የአዳዩ) ተራ ጠረጴዛውን ግማሽ እንኳ አይዞርም። 20 ደቂቃ አድርጉት። ሰዓቱ ደግሞ ባትሪው የሞላ የአንድ ሰው ስልክ ላይ ይሁን። «እኔ ጋ ገና 3 ደቂቃ ይቀረዋል» የሚል ክርክር ጆሮዬን አድክሞታል።

ምልክት፦ አንድ ሰው በድንገት ውሳኔው ሁሉ ትክክል ሆነ

ጎበዝ ስለሆነ አይምሰልህ። የወረቀት ካርታ ነው። እባካችሁ ይሄን ርካሽ የወረቀት ካርታ መግዛት ተዉ! በሦስተኛው ሳምንት ጥጉ ይታጠፋል፣ ጀርባው ይላጣል። እኛ ጋ አንዱ ጥቁር ኤስ ጀርባው ላይ የበርበሬ ጠብታ ነበረችው። ሁለት ወር ሙሉ ያቺን ጠብታ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃት ነበር። የፕላስቲክ ግዙ። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ይታጠባል። እጅም እንዲሁ።

ምልክት፦ ትልቅ እጅ ሳትሸነፍ ቺፕህ አለቀ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። «ምንም አልመጣልኝም» ብሎ የሚነሣ ሰው ሁሉ በሽታው ይሄ ነው።

መንስኤው «ፍሎፑን ብቻ ልይ» የምትለዋ ነገር ናት። ከኮንከር ነው የመጣችው ባይ ነኝ። ኮንከር ላይ ካርታ መሳብ በነጻ ነው። ትስባለህ፣ የማይሆንህን ትጥላለህ፣ እጅህ እስኪሠራ ትጠብቃለህ። የፖከር ውድድር ላይ ግን ማየት ይከፈልበታል፤ ዋጋውም ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይጨምራል።

አንድ ጋሼ አሉን። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ የሠሩ ሰው ናቸው፣ ሳንቲም አይስቱም። አንድ እሁድ 6,000 ቺፕ ይዘዋል፣ ብላይንዱ 300/600 ነው (ትንሹ 300፣ ትልቁ 600)። ቺፑን በአሥር በአሥር ደርድረው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ያስተካክላሉ።

«ጋሼ፣ ስንት ቀረዎት?» አልኳቸው።

«ስድስት ሺህ! ምን ጎደለብኝ ልጄ?»

ስድስት ሺህ ሲሉት ብዙ ይመስላል። በትልቁ ብላይንድ ሲካፈል ግን 10 ብቻ ነው። ጃክ-9 መጣላቸውና ፍሎፑን ለማየት 600 ከፈሉ። ፍሎፑ 2፣ 5፣ ኪንግ። አንዱ ገፋ፣ ጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ኩዊን-8፣ አሁንም 600፣ አሁንም ጣሉ። ተራቸው ደርሶ ትልቁንና ትንሹን ብላይንድ ከፈሉ፣ 900። በአንድ ዙር 2,100 ሄደ። አንድም እጅ እስከ መጨረሻ አልተጫወቱም።

3,900 እንደቀራቸው ስልኩ ጮኸ፤ 400/800። አምስት ብላይንድ እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ ኤስ-7 መጣላቸውና በደስታ ኦል ኢን ገቡ። ትልቁ ብላይንድ ላይ ያለው ልጅ 10-8 ይዞ ዓይኑን ሳያሽ ጠራ፣ ማለትም እኩል አስያዘ። ለምን አይጠራ? 800ው ቀድሞ ገብቷል። 3,100 ጨምሮ መሐል ላይ ያለውን 5,100 ሊወስድ ነው። ከ100 ጊዜ 38 ካሸነፈ አይከስርም፣ 10-8 ደግሞ ከኤስ-7 ጋር ከዚያ በላይ ያሸንፋል። ሪቨሩ፣ የመጨረሻዋ የጋራ ካርታ፣ 8 ሆነ። ጋሼ «ምን ዓይነት ዕድል ነው!» ብለው ተነሡ።

ዕድል አልነበረም። የበሏቸው እነዚያ ሁለት 600ዎች ናቸው።

መፍትሄው እዚህ ነው። ካርታህን ከማየትህ በፊት ቺፕህን ለትልቁ ብላይንድ አካፍል። ከ20 በላይ ከሆነ እንደልብህ ተጫወት። ከ20 በታች ሲወርድ ርካሽ ፍሎፕ መፈለግ አቁም። 10 ሲደርስ ምርጫህ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ኦል ኢን ወይ መጣል። በሁለቱ መሐል ያለችውን «600 ከፍዬ ልይ» ከአእምሮህ አውጣት።

«በጃክ-9 ኦል ኢን? አብደሃል?» ይሉኛል። ሒሳቡ ይሄውና። ጋሼ ዲለሩ ቦታ ላይ ሆነው (ከኋላቸው ሁለቱ ብላይንዶች ብቻ ናቸው)፣ ማንም ሳይገባ 6,000ውን ገፉ እንበል። ሁለቱ ብላይንዶች ከጣሉ 900 በነጻ ወሰዱ። ትልቁ ብላይንድ በተሻለ ካርድ ጠራቸው ብለን ደግሞ እናስብ፤ የማሸነፍ ዕድላቸው 35 በመቶ ይሁን። መሐል ላይ 12,300 አለ፣ ድርሻቸው 4,300 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሲጠሩ በአማካይ የሚያጡት 1,700 ነው። ሦስት ጊዜ ገፍተው ሁለቱን ጊዜ ከሸሹላቸው ኪሳራ የለም። ሰው ደግሞ 5,400 ጨምር ሲባል እንደ 3,100 አይቀለውም። ገና 6,000 እያለህ መግፋት ያለብህ ለዚህ ነው። አምስት ብላይንድ የያዘን ሰው ማን ይፈራል?

ነርስ የሆነች ጓደኛችን ይሄን በደንብ ይዛዋለች። ተረኛ ሆና አርፍዳ የመጣች ቀን ቺፗ በብላይንድ ተበልቶ 4,800 ቀርቶ ነበር፣ 8 ብላይንድ። ኮቷን ሳታወልቅ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ገፋች። ማንም አልጠራም። ብላይንዷን ከፍላ እንኳ 6,600 ሆነላት። ምን እንደያዘች እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ማስጠንቀቂያ። ይሄ የሚሠራው ከአንተ በፊት ማንም ካልገባ ነው። ሰው አሳድጎ ከሆነ ጃክ-9ህን ጣል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ቦታ ይወስናል። ዲለሩ ጋ ሆነህ በ10 ብላይንድ ማንኛውም ጥንድ፣ ማንኛውም ኤስ፣ አብዛኛው ሁለት ትልልቅ ካርድ ይበቃል። ስምንት ሰው ከኋላህ እያለ ግን የ6 ጥንድና ከዚያ በላይ፣ ወይም ኤስ-ጃክና ከዚያ በላይ ጠብቅ።

ሌላም። ካርታ መጣልን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው አለ፣ እኛም ጋ አንድ አለ። በኩዊን-3 ይጠራል፣ በ7-4 ይጠራል። እሱ ብላይንድ ላይ ከሆነ ሒሳቡ ይፈርሳል፤ እውነተኛ ካርድ ይዘህ ብቻ ግፋ።

ዋናው ማስጠንቀቂያ ግን ይሄ ነው፤ ብዙ ቺፕ እያለህ አታድርገው! ይሄን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሚቀጥለው እሁድ ብላይንዱ 100/200 ሳለ 9,000 ይዞ በኪንግ-5 ኦል ኢን ገባ። 45 ብላይንድ! 300 ለማግኘት 9,000 ማስያዝ። የኤስ ጥንድ ጠበቀው። «አንተ አይደለህ ግፋ ያልከኝ?» አለኝ። ቡናውን እሱ አፈላ።

ጋሼ ደግሞ ሁሌ የሚጠቅሱት ታሪክ አላቸው። በፈረንጆች 1982 ላስ ቬጋስ ላይ ጃክ ስትራውስ አንዲት ቺፕ ቀርታው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ ይባላል። ይሁን። ከ40 ዓመት በላይ የሚወራለት ብርቅ ስለሆነ ነው።

ባለፈው እሁድ ጋሼ ካርታቸውን ሳያዩ «ዘጠኝ ብላይንድ!» ብለው ጮክ ብለው ቆጠሩ። ደስ አለኝ። ካርታቸውን ገልጠው አዩ። ከዚያ 600 አንሥተው «እስቲ ይችን ፍሎፕ ብቻ…» አሉ።

ምልክት፦ ብዙ ቺፕ ይዞ አራተኛ መውጣት

አራት ሰው ቀርቷል፣ ገንዘብ የሚያገኘው ሦስት ነው። አንዱ ጥግ ላይ 2,000 ይዞ፣ ማለትም 2 ብላይንድ፣ ነፍሱን ይዟል። አንተ 30,000 አለህ። 35,000 የያዘው ኦል ኢን ገባብህ። ኤስ-ኩዊን አየህና ጠራህ። ወጣህ። ያ 2,000 የያዘው 360 ብር ይዞ ቤቱ ገባ።

መንስኤው ቺፕን እንደ ብር መቁጠር ነው። መጀመሪያ 10,000 ቺፕ 200 ብር ነው። መጨረሻ ላይ 90,000ውን በሙሉ የሰበሰበ ሰው የሚያገኘው 1,800 ሳይሆን 900 ብር ነው። የመጀመሪያዋ ሺህ ቺፕ 20 ብር ታወጣለች፣ ለአሸናፊው 10 ትሆናለች። ስለዚህ የምታጣው ቺፕ ከምታገኘው ይወደዳል። እዚህ ሰዓት በኤስ ወይም በኪንግ ጥንድ ጥራ፣ ኤስ-ኩዊን ይለፍህ። ትልቁን ቺፕ የያዝከው አንተ ከሆንክ ደግሞ ገፊው አንተ ሁን፤ እነሱ ይጨነቁ።

ሌሎች፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የኤስ ጥንድህ በኪንግ ጥንድ ከተሸነፈ፦ ከ100 ጊዜ 18 ያጋጥማል። ተነሥተህ በረንዳ ላይ ውጣ፣ ሁለት እጅ ይለፍህ።

ስልክ እያወራህ ከሆነ፦ ካርታህን ስጠኝ።

መብራት ከጠፋ፦ ሰዓቱን አቁሙ፣ ካርታ በፊቱ ይደፋ፣ እጅ ከጠረጴዛ ይነሣ። አንዴ ሻማ እስክንፈልግ 1,500 ቺፕ ተሰወረ። ሶፋውን ሁሉ ገልብጠን ፈልገናል። እስካሁን አልተገኘም።