ከቃለ መጠይቅ በኋላ ሪፈረንስ ላይ መቅረቴ እንዴት ቆመ

ቃለ መጠይቁ ጥሩ ይሄዳል። «ስላንተ የምንጠይቃቸውን ሰዎች (ሪፈረንስ) ስልክ ላክልን» ይሉኛል። ከዚያ ጭጭ።

ነገሩ የገባኝ የቀድሞ አለቃዬ ጋ ስደውል ነው። «አዎ ደውለው ነበር፤ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ጥሩ ልጅ ነው ብዬ ዘጋሁት» አሉኝ። ጥሩ ልጅ! ይሄ ለቀጣሪ ምኑም አይደል። ሰውየው ክፋት የለባቸውም። የመምሪያ ኃላፊ ስለነበሩ ሥራዬን በቅርብ አያውቁትም።

ስለዚህ ማዕረጉን ትቼ ሥራዬን በዓይኗ ያየችውን የዚያን ጊዜ የቅርብ ኃላፊዬን ጠየቅኳት። አጠያየቁም ለውጥ አለው። «ሪፈረንስ ትሆኚኛለሽ?» ከተባለ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔ «ስለ ሥራዬ በምሳሌ ለመናገር ይመችሻል? ካልተመቸሽም ችግር የለም» አልኳት። ሰው ካመነታ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

እሺ ስትለኝ የሥራ ማስታወቂያውንና ሲቪዬን ላክሁላት። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቡድን መምራት ላይ ያተኩራሉ። ያ የተጓተተው የሪፖርት ሥራ ትዝ ካለሽ ብታነሺው ደስ ይለኛል። በዚህ ሳምንት ሊደውሉ ይችላሉ።» ውሸት እንድትናገርልኝ አይደለም፤ ስልኩ ድንገት እንዳይሆንባት ነው።

የሪፈረንሶቼን ስልክ ከሲቪዬ ላይ አጠፋሁ። የምሰጠው ስጠየቅ ብቻ ነው፤ በዚያው ቀንም ለራሳቸው ለሰዎቹ እነግራለሁ።

የቀረው ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ነበር። «የአሁኑ አለቃዬን የምታነጋግሩት ለመቅጠር ከወሰናችሁ በኋላ ይሁን» አልኳቸው ቀጣሪዎቹን። ሳያንገራግሩ ተስማሙ። ሥራውም ተገኘ።