ከኮምቦልቻ ሜዳ ሥር ያለውን ስብራት በስበትና በመግነጢስ ልኬት እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከደሴ ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚገባ ሰው ሜዳው ደልዳላ መሬት ነው። ከደለሉ ሥር ግን የአፋር ምዕራባዊ ጠርዝ ሲሰበር የሰመጠ ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ተኝቷል። ስብራቱ፣ ማለትም ዓለቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን የሰመጠበት መስመር፣ የት እንደሚያልፍና ደለሉ ምን ያህል እንደሚወፍር ማወቅ የውሃ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ሁሉ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ መስመር አውጡ። ሜዳው ያለበት የቦርከና ሸለቆ ስብራቶች በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚሄዱ መስመራችሁ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጣቸው። ለስበት በየ200 ሜትሩ፣ ለመግነጢስ በየ20 ሜትሩ መለካት ለጅምር ይበቃል።

ቀጥሎ ስበቱን ለኩ። የግራቪሜትሩ (የስበት መለኪያው) ንባብ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ስለሚዛነፍ በየሁለት ሰዓቱ ወደ መነሻው ነጥብ ተመልሳችሁ ደግማችሁ አንብቡ። ሥራውን የሚያበላሸው ግን ከምንም በላይ ከፍታ ነው። ከባዛልቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.7 ግራም የሚቀል ደለል 100 ሜትር ቢወፍር ስበቱን የሚቀንሰው በ3 ሚሊጋል (ሚሊጋል የስበት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ ብቻ ነው። ከፍታውን በ10 ሜትር ብትስቱ ደግሞ 2 ሚሊጋል ይጠፋችኋል። ስለዚህ በስልክ ጂፒኤስ አትመኑ፤ የቀያሽ መሣሪያ ተጠቀሙ። ወደ ደሴ ከወጣችሁ ደግሞ የጦሳ ተራራ ግዝፈት ወደ ላይ እየሳበ ንባቡን ስለሚቀንሰው የመልክዓ ምድር እርማት ግድ ነው።

ለመግነጢሱ ቀበቶ፣ ቁልፍና ስልክ ከላያችሁ አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ከቆርቆሮ ቤት፣ ከመኪናና ከመብራት መስመር ራቁ። ሁለተኛ ማግኔቶሜትር (የመግነጢስ መለኪያ) አንድ ቦታ ላይ ተክላችሁ የምድር መግነጢስ በቀን ውስጥ የሚያሳየውን ለውጥ መዝግቡ። ለመግነጢሳዊው ምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ለውጡ እኩለ ቀን አካባቢ ይበረታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በእኛ አካባቢ የምድር መግነጢስ መስመር አግድም ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ወደ ሰሜን ስለሚያመለክት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ስብራት በመግነጢስ ካርታ ላይ በጣም ደብዝዞ ነው የሚታይ። ካርታው ዝም አለ ማለት ስብራት የለም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ስብራት የሚያወጣው ስበቱ ነው፤ መግነጢሱ ደግሞ ባዛልቱ የት የት እንዳለ ለማወቅ ያግዛል። ሁለቱን አትለያዩ።

እርማቱ ሲያልቅ ወደ ደጋው ስትሄዱ ቅርፊተ ምድር እየወፈረ በመሄዱ የሚመጣውን ሰፊ ቅናሽ ከስበቱ ላይ አውጡ። በቀረው ካርታ ላይ ዝቅ ያለው ቦታ ደለሉ የወፈረበት ነው፤ ቁጥሩ በአጭር ርቀት የሚዘልበት መስመር ደግሞ ስብራቱ ሊሆን ይችላል። ጥልቀቱን ከመጻፋችሁ በፊት ግን ባዛልት የነካ የጉድጓድ መዝገብ ፈልጉ፤ ስስ ሆኖ በጣም የቀለለ ደለልና ወፍሮ ትንሽ የቀለለ ደለል አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።