ፋይሉ የት ነው የተኛው? የቢሮ ሥራ ሲጓተት ምን ይደረጋል

ግድግዳው ላይ «አገልግሎቱ የሚወስደው ጊዜ፦ 20 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለጉዳዩ ግን ሲመላለስ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የሚገርመው፣ ወረቀቱ አልዋሸም። እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ማመልከቻ ከገቢ እስከ ወጪ ተከትዬ ነበር። ሰው እጅ ላይ የቆየችበት ጊዜ ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሌላውን ጊዜ ተኝታ ነው ያሳለፈችው፦ ትሪ ውስጥ፣ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ቀን ሙሉ ደግሞ ከሻይ ብርጭቆ ሥር።

ምልክት፦ ሁሉም ሥራ ይዟል፣ ሥራው ግን አያልቅም

«ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ማለት ይቀናናል። መጀመሪያ እንቁጠር። ያልተቋጨ 60 ፋይል ካለና በቀን 10 የሚያልቅ ከሆነ፣ አንድ ፋይል በአማካይ 6 ቀን ይቆያል። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ ይኸው ነው። ሠራተኛውን ብትቆጣው ቁጥሩ አይቀየርም።

መፍትሄው የተኛበትን ቦታ ማግኘት ነው። አሥር ፋይል ላይ ቁራጭ ወረቀት ስቴፕል አድርጉ። ፋይሉ የደረሰበት ሁሉ ሰዓት ይጻፍ፦ «ጠዋት 3፡10 ገባ፣ ከሰዓት 9፡40 ተጀመረ፣ 9፡50 ወጣ»። አሥር ደቂቃ ለሚፈጅ ሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ጥበቃ ማለት ነው። ትልቁ ክፍተት ያለበት ጠረጴዛ ጋ ሂዱ፤ ሌላውን ለጊዜው ተዉት። የተጀመረው ሳያልቅ አዲስ አይከፈት። በስልክ «የእገሌን አስቀድሙልኝ» የሚባለውም ይቁም፤ አንዱ በቀደመ ቁጥር ከሥሩ ያለው ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋል።

ምልክት፦ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»

ሁሉም ነገር አንድ ፊርማ ይጠብቃል። ባለፈው ወር ከቀረቡላቸው ደብዳቤዎች ስንቱን አርሙ ብለው መለሱ? አንድም ካልመለሱ፣ ያ ፊርማ ቁጥጥር ሳይሆን ልማድ ነው። ውክልና በጽሑፍ ይሰጥ። ኃላፊዎች «ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብለው ይፈራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማይነካው ጀምሩ፣ ለምሳሌ ከሥራ ልምድ ማስረጃ። ማህተሙም ቢሆን ያዥዋ ቁልፉን ይዛ ምሳ ስትወጣ አብሮ ምሳ መውጣት የለበትም።

ምልክት፦ «አንድ ነገር ይጎድላል፣ ነገ ይዘው ይምጡ»

ጉድለቱ የሚታየው ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው። ማሟያውን ጠንቅቆ የሚያውቀውን ሰው በር ላይ፣ የመጀመሪያው መስኮት ላይ አስቀምጡት። ብዙ ቢሮ ግን አዲስ ተቀጣሪውን ነው እዚያ የሚያስቀምጠው። በነገራችን ላይ፣ መታወቂያ ሁለት ቦታ ኮፒ የምትጠይቁ ከሆነ አንዱን ማንም አያየውም።

ምልክት፦ «ሲስተም የለም»

አንዳንዴ እውነትም ኔትወርክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ የመጣው በአሮጌው መንገድ ላይ ተደርቦ ነው፤ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ያው ነገር እንደገና ይተየባል። አንዱን አስቀሩ። ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ትርፍ ጠረጴዛውን ቀንሱ።

ምልክት፦ ጥናት ተጠና፣ ሁሉም ነገር እንደነበረው ተመለሰ

ቢፒአርን፣ ማለትም የቢሮ አሠራርን ከሥሩ እንደገና የማዋቀር ዘመቻን፣ ያሳለፈ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን አይስተውም። ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሆነው ካይዘንም መጣ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ሐሳቦቹ መጥፎ አይደሉም፤ እንዲያውም ካይዘን ሥራውን የሚሠራውን ሰው ጠይቁ ይላል። እኛ ጋ ግን ጥናቱን ኮሚቴ ስልጠና አዳራሽ ተቀምጦ ይጽፈዋል፣ መዝገብ ቤት ያለችዋን ሴትዮ የሚጠይቃት የለም።

እኔ ጠየቅኋት። «ተላላኪው የሚዞረው በቀን ሁለቴ፣ 4 ሰዓትና 9 ሰዓት ነው» አለችኝ። «4 ሰዓት ከአምስት ላይ ያለቀ ደብዳቤ እስከ 9 ሰዓት እዚሁ ነው።» ዙሩን አራት አደረግነው፤ ወጪ አልነበረውም። ግድግዳው ላይ ያለውንም ወረቀት ቀየርነው፦ «ሰኞ ያስገቡ፣ ረቡዕ ይውሰዱ» ይላል አሁን።