የኑዝሎክ ጉዞ ለምን ይፈርሳል? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ኑዝሎክን፣ ማለትም ተጫዋቹ ፖክሞንን ለማክበድ በራሱ ላይ የሚጥለውን ደንብ፣ ለሚያውቅ የፖክሞን ተጫዋች ነው። የወደቀ ፖክሞን እንደ ሞተ ተቆጥሮ ዳግመኛ እንደማይሰለፍ፣ ከእያንዳንዱ አካባቢ መያዝ የሚፈቀደውም መጀመሪያ ብቅ ያለው ብቻ እንደሆነ አላብራራም። ተጋጣሚ አዲስ ፖክሞን ሊያወጣ ሲል እንድንቀይር የሚጋብዘውን ምርጫ መዝጋት፣ በውጊያ መሐል ከቦርሳ መድኃኒት አለማውጣት፣ ከቀጣዩ የጂም መሪ ከፍተኛ ደረጃ አለማለፍ የሚሉት ጥብቅ ደንቦችም የታወቁ ናቸው። እዚህ የምመልሰው ጥያቄ ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ጉዞው ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር ነው። ፈርሶ «ምን አጠፋሁ?» ተብሎ የቀረበልኝ ጉዞ ብዙ ነው፤ አብዛኛው የፈረሰውም በአንድ ዓይነት ስሕተት ስለሆነ፣ ሌሎቹን በአጭሩ አልፌ በእሱ ላይ እቆያለሁ።

ምልክት፦ የደረጃው ጣሪያ ሳይታሰብ ታልፏል

መንስኤው ኤክስፒ ሼር ነው። በ2013 ከወጡት ኤክስና ዋይ ከተባሉት ጨዋታዎች ጀምሮ ይህ ዕቃ ከውጊያ የሚገኘውን ልምድ ለቡድኑ በሙሉ ያከፋፍላል። በኤክስና ዋይ ማጥፋት ይቻላል፤ በ2019 በወጡት ሶርድና ሺልድ ግን ማጥፊያ የለውም። ማጥፊያ በሌለበት ጨዋታ የሚሠራው መንገድ ማፈራረቅ ነው፦ ወደ ጣሪያው የተጠጋው ሳጥን (ከቡድኑ ውጭ ያሉት ፖክሞኖች የሚቀመጡበት) ይገባል፣ ወደኋላ የቀረው ይወጣል። ጣሪያው የሚለካው ከመሪው ጋር ውጊያው በሚጀመርበት ቅጽበት እንደሆነም አስቀድመው ይወስኑ። በውጊያው መሐል አንድ ደረጃ ስለጨመረ ብቻ ደህና ፖክሞኑን የቀበረ ሰው አውቃለሁ፤ ይህን ማንም አልጠየቀውም።

ምልክት፦ መጀመሪያ የተገኘው ፖክሞን አምልጧል ወይም በእጅ ሞቷል

አብራ የተባለው ፖክሞን ከሆነ ቴሌፖርት በተባለው የማምለጫ ዘዴው ነው የሄደው፤ ለማዳከም አይሞክሩ፣ በመጀመሪያው ዙር ኳስ ይወርውሩ። ሌላ ከሆነ ደግሞ ከሚገባው በላይ በጠነከረ ፖክሞን መትተውታል። ፎልስ ስዋይፕ የተባለው ጥቃት አንድ የሕይወት ነጥብ ስለሚያስቀር ይህን ችግር ይፈታል። እስኪገኝ ድረስ ግን ማስተኛት ከመምታት ይሻላል፤ የእርስዎ ምትም ክሪቲካል (በዕድል ከወትሮው የሚበረታ ምት) ሊሆን ይችላልና።

ምልክት፦ ከውጊያ ውጭ፣ መንገድ ላይ ሞተ

መርዝ ነው። እስከ ሦስተኛው ትውልድ ባሉት ጨዋታዎች (ጨዋታዎቹ በወጡበት ተራ በትውልድ ይከፈላሉ) የተመረዘ ፖክሞን በየጥቂት እርምጃው አንድ ነጥብ እያጣ እስከ ሞት ይደርሳል። በአራተኛው ትውልድ አንድ ነጥብ ሲቀረው መርዙ ይለቀዋል፤ ከአምስተኛው ወዲህ ጭራሽ ቀርቷል። በአሮጌዎቹ ጨዋታዎች ያለ ማርከሻ ዋሻ መግባት አይገባም።

ምልክት፦ ጤነኛ ፖክሞን በአንድ ጊዜ ጠፋ፣ ተጋጣሚውም አብሮ ወደቀ

ሰልፍ ዲስትራክት ወይም ኤክስፕሎዥን፣ ማለትም ራስን አፈንድቶ የሚመታ ጥቃት፣ ነው። ጂኦዱድ፣ ቮልቶርብ፣ ኮፊንግና ዘመዶቻቸው ፊትዎ ከቆሙ ይህን ጥቃት ያውቃሉ ብለው ይነሱ። እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ ጨዋታው የተመቺውን መከላከያ በግማሽ ቀንሶ ያሰላ ስለነበር ሙሉ ጤና እንኳ ብዙ ጊዜ አያድንም። የመንፈስ ዓይነት ፖክሞን ጨርሶ አይነካም፤ የድንጋይና የብረት ዓይነቶች ጉዳቱን በግማሽ ይቀንሱታል። መፍትሄው ይኸው ነው፤ «አሁንስ አያፈነዳም» የሚል ግምት ግን መፍትሄ አይባልም።

ምልክት፦ «ያለቀ ውጊያ ነበር፣ ክሪቲካል ገደለኝ»

ይህ ቅሬታ ሲደርሰኝ የቀረውን ሳላነብ መልሱን መጻፍ እችላለሁ። ክሪቲካል ምት ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ትውልድ ከ16 ምት በአንዱ፣ ከሰባተኛው ወዲህ ደግሞ ከ24 ምት በአንዱ ይወጣል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ትውልድ ጉዳቱን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ ከስድስተኛው ጀምሮ አንድ ጊዜ ተኩል። ከ16 አንድ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ተጋጣሚው አሥር ጊዜ በሚመታበት ውጊያ ቢያንስ አንድ ክሪቲካል የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 48 ያህል ነው። ከ24 በአንዱ ሲሰላም ከመቶ 35 ይጠጋል። ስለዚህ ከጂም መሪ ጋር በተደረገ ረጅም ውጊያ አንድ ክሪቲካል መድረሱ የሚጠበቅ ወጪ ነው፣ በጀቱም ከመጀመሪያው መያዝ ነበረበት።

እውነተኛው መንስኤ ተጫዋቹ የሚገምተው የተለመደውን ጉዳት ብቻ መሆኑ ነው። በቅርቡ የደረሰኝን ልጥቀስ። ተጫዋቹ በሦስተኛው ትውልድ ጨዋታ፣ በኤመራልድ ላይ ነበር፤ ዋና ተዋጊው 68 የሕይወት ነጥብ ቀርቶታል፤ የተጋጣሚው ከፍተኛ ጉዳት 38 ነው። «ለመሞት ሁለት ምት ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ አንድ ዙር ትርፍ አለኝ» ብሎ መደበኛ ጥቃቱን መረጠ። ክሪቲካል ወጣ፤ 38 በእጥፍ 76 ነው፤ ፖክሞኑ ሞተ። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ትርፍ ዙር አልነበረውም፣ ሳጥኑ ውስጥም ያንን ጥቃት በግማሽ የሚቀበል ሌላ ፖክሞን ተቀምጦ ነበር። ይኸው ስሌት በስድስተኛው ትውልድ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ 57 ላይ ስለሚቆም በሕይወት ይተርፍ ነበር። ለዚህም ነው በአዲሶቹ ጨዋታዎች የለመደ ሰው ወደ አሮጌዎቹ ሲመለስ በብዛት የሚወድቀው፤ እጁ የለመደው የድፍረት መጠን ለአሮጌው ጨዋታ ይበዛል።

መፍትሄው አንድ ጥያቄ ነው፣ በየዙሩም መጠየቅ አለበት፦ ተጋጣሚው ካሉት ጥቃቶች ሁሉ ከባዱን፣ በከፍተኛ ጉዳቱ፣ በክሪቲካል ቢመታኝ እተርፋለሁ? ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ የተሰላ ጉዳት ከመቶ 85 እስከ 100 ባሉ 16 እርከኖች በአንዱ ስለሚባዛ፣ መውሰድ የሚገባው የላይኛውን ቁጥር ነው። የጉዳት ማስያዎች በነጻ ይገኛሉ፤ የሁለቱን ፖክሞኖች ደረጃና ጥቃት አስገብቶ ቁጥሩን ለማየት ከደቂቃ በታች ይበቃል። ሳምንታት የፈጀ ጉዞ ይዞ ይህችን ደቂቃ የሚሰስት ሰው በኋላ ዕድሉን ሲያማርር መስማት ይሰለቻል።

መልሱ «አልተርፍም» ከሆነ መቀየር የመጀመሪያው አማራጭ ነው፤ ግን የሚገባውም ፖክሞን በመግባቱ አንድ ምት እንደሚቀበል አይርሱ። ያው ጥያቄ ለእሱም ይጠየቃል። ማንም ካላለፈ መስዋዕት ያስፈልጋል፤ ከሞተ ፖክሞን ቀጥሎ የሚገባው ሳይመታ ስለሚገባ፣ ለቀጣዮቹ ጂሞች የማያስፈልገውን ሰጥቶ የሚያስፈልገውን በሰላም ማስገባት ይቻላል። ማን እንደሚሞት ተጫዋቹ ካልመረጠ ጨዋታው ይመርጥለታል፣ ጨዋታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ምርጡን ነው።

ስሌቱን የሚያዛቡ ነገሮች አሉ፣ በቅደም ተከተል ሳይሆን ሰው ሲወድቅባቸው ባየሁት መጠን እጽፋቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ፦ ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ክሪቲካል ምት የተመቺውን የጨመረ መከላከያ ከቁጥር አያስገባም። መከላከያውን ስድስት እርከን አሳድጎ «አሁን ማን ይነካኛል» ያለ ሁሉ የሚሞተው በዚህ ነው። ጉዳት የሚቀንሱት ሪፍሌክትና ላይት ስክሪንም በክሪቲካል ፊት የሉም ማለት ነው። ስላሽን የመሰሉ ጥቃቶች ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ትውልድ ከስምንት ምት በአንዱ ክሪቲካል ይሆናሉ። በተቃራኒው ባትል አርመር ወይም ሼል አርመር የተባለ ችሎታ ያለው ፖክሞን ክሪቲካል አይደርስበትም፤ ላፕራስ ሲያገኙ ችሎታውን ሳያዩ ሳጥን ውስጥ አይጣሉት።

ይህ ስሕተት በሁለተኛው ትውልድ ጨዋታዎች በጎልድና በሲልቨር፣ በጂም መሪዋ በዊትኒ ፊት ሲደርስ ቡድን ሙሉ ያጠፋል። ሚልታንክ የተባለችው ፖክሞኗ ደረጃዋ 20 ነው። ሮልአውት የተባለው ጥቃቷ በ30 ኃይል ይጀምርና በተከታታይ በመታ ቁጥር ወደ 60፣ 120፣ 240፣ እስከ 480 ይደርሳል። ደጋግሜ የማየው ሂደት አንድ ነው። ተጫዋቹ ደካማ ፖክሞን ያስቀድማል፤ ሮልአውት በእሱ ላይ ይጀመራል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምት ይሞታል። ከዚያ ቡድኑን ተሸክሞ የመጣውን ክዊላቫን ያስገባል፤ የእሳት ዓይነት በድንጋይ ጥቃት በእጥፍ ስለሚጎዳ እሱም ወዲያው ይከተላል። ከዚያ በኋላ የሚገባ ሁሉ ገና ሲገባ 240 ወይም 480 ኃይል ያለው ምት ይጠብቀዋል። ግማሽ በግማሽ ቢያደክሟት እንኳ ሚልክ ድሪንክ ጠጥታ የሕይወቷን ግማሽ ትመልሳለች። እዚህ ላይ «ክሪቲካል ነበር» የሚል መልእክት ሲመጣ አልከራከርም፤ በ240 ኃይል ላይ ክሪቲካል የሚጨምረው ነገር የለም።

የዊትኒ መፍትሄ ከተማው ውስጥ ተቀምጧል። በከተማው፣ በጎልድንሮድ፣ የገበያ ሕንጻ ውስጥ ድራውዚ የተባለውን ፖክሞን ሰጥተው ማቾፕ የተባለችውን የሚለውጡበት ሰው አለ። ማቾፗ ሴት ስለሆነች ተቃራኒ ፆታን የሚያፈዝዘው የሚልታንክ አትራክት አይሠራባትም፤ የትግል ዓይነት በመሆኗ ሮልአውትን በግማሽ ትቀበላለች፤ የምትመልሰው ምትም በሚልታንክ ላይ እጥፍ ነው። ልውውጡ በደንብዎ ይፈቀድ እንደሆነ ግን ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ይወስኑ። ካልተፈቀደ ጂኦዱድም ሮልአውትን በግማሽ ይቀበላል፣ ወንድ ከሆነ ግን አትራክት ያስረዋል። በሃርትጎልድና በሶልሲልቨር (ጎልድና ሲልቨር ዳግም የተሠሩባቸው ጨዋታዎች) የሚጫወት ሰው ሁለት ነገር ይጨምር፦ ሚልታንክ ሉም ቤሪ ስለያዘች የመጀመሪያው ማስተኛት ወይም ማደንዘዝ ወዲያው ይሽራል፤ ስክራፒ የተባለው ችሎታዋም መደበኛ ጥቃቷ የመንፈስ ዓይነትን እንዲመታ ያደርጋል። የመንፈስ ዓይነቱን ጋስትሊን ተማምኖ መግባት አይሆንም።

በኤመራልድ ደግሞ የጂም መሪው ኖርማን አለ። ደረጃው 31 የሆነው ስሌኪንግ የተባለው ፖክሞኑ አንድ ዙር መትቶ አንድ ዙር ያርፋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ተጫዋቾች የሚዘነጉት ፋሳድ የተባለውን ጥቃቱን ነው። ስሌኪንጉ ከተመረዘ፣ ከተቃጠለ ወይም ከደነዘዘ የጥቃቱ ኃይል ከ70 ወደ 140 ይወጣል። ስለዚህ «በመርዝ ቀስ በቀስ እገድለዋለሁ» ብሎ የሚገባ ሰው መሣሪያውን ለጠላቱ አቀብሎ ነው የሚጀምረው። በሚመታበት ዙር ምትን የሚመክተው ፕሮቴክት፣ በሚያርፍበት ዙር ከባድ ምት፤ ሌላ ጥበብ አያስፈልግም።

ከእነዚህ ሁሉ ሞቶች በስተጀርባ አንድ ልማድ አለ፤ አንድን ፖክሞን ብቻ ማሳደግ። አንዱ 28 ደረስኩ ሲል የቀሩት አምስቱ 19 እና 20 ላይ ናቸው። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ የሚቀየር ፖክሞን ስለሌለ ከላይ ያልኩት ጥያቄ ትርጉም ያጣል። ለእያንዳንዱ ጂም ከመግባትዎ በፊት ስድስቱም ከጣሪያው ሁለት ደረጃ በላይ አይራቁ፤ ለመሪው ዋና ፖክሞንም የመጀመሪያው ቢሞት የሚተካ ሁለተኛ ፖክሞን በስም ይኑር።

ምልክት፦ ጉዞው በክርክር ተበላሸ

ደንቡ በ2010 በሩቢ ጨዋታ ላይ በተሠራ ኮሚክ ሲታወቅ ዋና ሕጎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። የተደጋገመ ዝርያን ማለፍ፣ ቀለሙ የተለየውን መያዝ፣ ስጦታን መቁጠር ወይም አለመቁጠር፣ ሁሉም በኋላ የተጨመረ ነው። ከመጀመሪያው ሣር በፊት የጻፉት ደንብ ይጸናል፤ ከሞት በኋላ የታሰበ ደንብ ግን ማምለጫ ነው። በስካርሌትና በቫዮሌት የመቀየር ግብዣውን የሚዘጋው ምርጫ ስለተነሳ፣ ግብዣው በመጣ ቁጥር በራስዎ እጅ እምቢ ማለት እንዳለብዎ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ምልክት፦ ሴቭ የተደረገው ጠፋ

በኢሙሌተር (የጨዋታ ማጫወቻን በኮምፒውተር ወይም በስልክ በሚያስመስል ፕሮግራም) ከሆነ የፕሮግራሙን የራሱን ማስቀመጫ፣ ሴቭ ስቴትን፣ ከጨዋታው ሴቭ ጋር ቀላቅለዋል። የቆየ ስቴት ሲከፈት የጨዋታውንም ሴቭ ወደ ቆየው ይመልሰዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ፣ የሚሻለውም የጨዋታው ነው።

በካርትሪጅ ከሆነ በመጀመሪያ የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ይለዩ። ሩቢ፣ ሳፋየርና ኤመራልድ ባትሪው እንዳለቀ ቢነግሩዎት አይደንግጡ፤ ባትሪው የሚያሠራው ሰዓቱን ብቻ ስለሆነ ሴቩ አይነካም። በጎልድ፣ በሲልቨርና በክሪስታል ግን ሴቩን የያዘው ያው ባትሪ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰ ባትሪ ያለው ካርትሪጅ ላይ ኑዝሎክ መጀመር ጉዞን በገዛ እጅ መጣል ነው። አስመስለው የተሠሩት ካርትሪጆች ከዚህ ሁሉ የባሱ ናቸው። ለሰዓታት በደንብ ይሠሩና ልክ ሊያልቅ ሲል ሴቩን ይበላሉ፤ ይህን የሚሸጡ ሰዎች ገዢው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያፈስበት ግድ የላቸውም። የገዙትን ካርትሪጅ የመጀመሪያውን ፖክሞን ከመምረጥዎ በፊት ሴቭ አድርገው ይዝጉት፣ ካርትሪጁን ከማጫወቻው ያውጡት፣ በማግስቱ መልሰው ይክፈቱት፤ ሴቩ ከሌለ ለሻጩ ይመልሱ።