ታልሙድን ለሁለት ሆኖ ማጥናት፣ ከአንድ ልብስ ክርክር እንዴት ይጀመራል

ታልሙድ የሚባለውን የአይሁድ የህግና የክርክር መፅሀፍ የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ የሚገባው መልስ ፈልጎ ስለሚገባ ነው፣ ህጉ ምን ይላል ብሎ ይከፍታል፣ ገፁ ግን አንዱ እንዲህ አለ ሌላው አይሆንም አለ ሶስተኛው መጥቶ ሁለቱንም ጠየቀ እያለ ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ማን እንደረታ እንኳን ላይናገር ይችላል። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ቆም በሉና "ይሄ አባባል የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?" በሉ። ጥያቄውን ካገኛችሁት ክርክሩ ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል።

ወሎ ያደገ ሰው ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም በእውነት። ዋድላ ቅኔ ቤት የዋለ ወይ የመፅሀፍ ትርጓሜ ጉባኤ የሰማ ሰው "አንድም… አንድም…" እየተባለ አንድ ጥቅስ በስንት በኩል እንደሚታይ ያውቀዋል፣ ዳና የቀራ ደረሳም (የእስልምና ተማሪ) ፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ህግ ትምህርት ላይ ሻፊዒዮች እንዲህ ይላሉ ሀነፊዮች እንዲህ ይላሉ ማስረጃቸው ይሄ ነው ሲባል የሰማ ነው። ያንን ጆሮ ይዛችሁ ግቡ። ታልሙድ ላይ የሚበዛው መጠየቁ ነው፣ አንዱ ሊቅ የሌላውን ንግግር ስሙን ጠርቶ ቃል በቃል ይፈትሸዋል፣ የተረታው ሀሳብም ከነምክንያቱ ገፁ ላይ ይቀመጣል፣ እስከዛሬም ይጠናል።

ትንሽ መነሻ ያህል። ሚሽና የሚባለው የቃል ህግ ስብስብ በ200 ዓ.ም. አካባቢ በረቢ ይሁዳ ሀናሲ የተሰናዳ ነው፣ በ6 ክፍል በ63 መፅሀፍ፣ ቋንቋው ዕብራይስጥ። ገማራ ደግሞ ከዛ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሚሽናን እየጠየቁ ያደረጉት ክርክር ነው፣ በአብዛኛው በአራማይክ። ሁለቱ አንድ ላይ ታልሙድ ይባላሉ። የኢየሩሳሌም አለ የባቢሎን አለ፣ ሰው ታልሙድ ብሎ ዝም ሲል የባቢሎኑን ማለቱ ነው፣ አሁን ኢራቅ በሚባለው አገር የተሰራው። የኛዎቹ ቤተ እስራኤሎች ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ በቄሶቻቸው ስርአት ነው የኖሩት፣ ታልሙድ በመሀላቸው አልነበረም፣ ስለዚ አይሁድ የሆነ ሁሉ ድሮውኑ ታልሙድ አንባቢ ነው ብላችሁ እንዳትነሱ።

መፅሀፉን ፍለጋ አትልፉ። ሴፋሪያ የሚባል ዌብሳይትና አፕ ላይ ሙሉው በነፃ አለ፣ የራቢ አዲን ሽታይንሳልትዝ የእንግሊዝኛ ትርጉምም አብሮ አለ፣ እንግሊዝኛ የሚከብደው ካለ የተሻለው ያንብብና በአማርኛ ይንገረው፣ መናገሩ ራሱ ጥናት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳትቸገሩ የምታጠኑትን ገፅ ቀድማችሁ ስክሪንሾት አድርጉ።

አሁን ዋናው፣ ለብቻችሁ አታጥኑ። ይሁዶች ሐቭሩታ ይሉታል፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጮክ ብሎ እያነበበ የሚከራከርበት አጠናን ነው። ጓደኛ ስትመርጡ በሁሉም ነገር የሚስማማችሁን አትምረጡ። ባቫ መጺያ የሚባለው መፅሀፍ 84ኛ ቅጠል (ቅጠል ማለት ፊትና ጀርባ ሁለት ገፅ ያለው ወረቀት ነው) ላይ ረቢ ዮሐናን እና ሬሽ ላኪሽ የሚባሉ ጓደኛሞች ታሪክ አለ፣ ሬሽ ላኪሽ ሲሞት ረቢ ዮሐናን በሀዘን ተጎዳ፣ እንዲያፅናናው ሌላ ሊቅ ተላከለት፣ እና ይሄኛው ረቢ ዮሐናን አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር "ይሄንን የሚደግፍልህ ቃል አለ" ይለዋል። ረቢ ዮሐናን ሬሽ ላኪሽ እኮ አንድ ነገር ስናገር 24 ተቃውሞ ያመጣብኝ ነበር እኔም 24 መልስ እሰጠው ነበር ነገሩም በዚያ ይሰፋ ነበር፣ አንተ ግን ልክ ነህ ትለኛለህ፣ ልክ እንደሆንኩ እኔስ መች አጣሁት አለና ልብሱን ቀዶ አለቀሰ። እኔ ከታልሙድ ሁሉ ይሄን ታሪክ ነው አብልጬ የምወደው።

መጀመሪያ የምትከፍቱት ባቫ መጺያ 2ኛው ቅጠል ይሁን (መፅሀፎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ2 ነው የሚጀምሩት፣ 1 ጎደለ ብላችሁ አትፈልጉ)። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሁለት ሰዎች አንድ ልብስ ይዘው መጡ፣ ጋቢ ነው እንበል። ይሄኛው እኔ ነኝ ያገኘሁት ይላል ያኛውም እኔ ነኝ ያገኘሁት ይላል፣ ይሄኛው ሁሉም የኔ ነው ያኛውም ሁሉም የኔ ነው። ሚሽናው ሁለቱም ከግማሽ ያላነሰ ድርሻ አለኝ ብለው ይማሉና ይካፈሉ ይላል። አንዱ ሁሉም የኔ ነው ሌላው ግማሹ የኔ ነው ካለ ደግሞ ሶስት አራተኛና አንድ አራተኛ ይወስዳሉ፣ ጋቢው 400 ብር ቢያወጣ 300 እና 100 ማለት ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ላይ ክርክር የለም፣ የቀረውን ግማሽ ብቻ ነው የሚካፈሉት።

ኮምቦልቻም ደሴም ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ተካፈሉና ታረቁ ተብሎ ሊያልቅ ይችላል። እናንተ ግን እዚህ ጋ ስልኩን አስቀምጡና ገማራውን ሳታነቡ በፊት ጥያቄ አውጡ። ለምን "አገኘሁት" እና "ሁሉም የኔ ነው" ሁለቱም ተፃፉ፣ አንዱ አይበቃም? መካፈላቸው ካልቀረ መማሉ ለምን አስፈለገ? ሁሉም የኔ ነው ያለ ሰው ለምን ግማሽ ላይ ይምላል? ወረቀት ላይ ፃፉት። ከዛ ገማራውን ክፈቱ፣ ያወጣችሁትን ጥያቄ እዛው ታገኙታላችሁ፣ ያን ጊዜ የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው።

ለምሳሌ ለድግግሞሹ ራቭ ፓፓ በሚባል ሊቅ ስም የሚነገር መልስ አለ፣ የመጀመሪያው ስለተገኘ እቃ ነው ሁለተኛው ስለተገዛ እቃ ነው ይላል። መሀላውን ረቢ ዮሐናን ሰው ሁሉ እየሄደ የባልንጀራውን ልብስ እየያዘ የኔ ነው እንዳይል ሊቃውንቱ ያወጡት ነው ይላል። አያችሁ፣ መሀላው ለነዚህ ለሁለቱ ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚመጣው ቀማኛ ጭምር ነው። የመሀላው አነጋገርም ተመርምሯል፣ ሁሉም የኔ ነው ብሎ እንዳይምል ሁሉም አይሰጠውም፣ ግማሹ የኔ ነው ብሎ ቢምል ደግሞ የመጀመሪያ ቃሉን ራሱ አፈረሰ፣ ስለዚ በመሀል ከግማሽ ያላነሰ የሚል አነጋገር ተገኘለት።

ገማራው ካለቀ በኋላ ነው ወደ ዳር የምትሄዱት። በታተመው ገፅ መሀል ላይ ዋናው አለ፣ ወደ ስፌቱ በኩል የራሺ ማብራሪያ፣ በውጭው በኩል ቶሳፎት የሚባሉት ሊቃውንት ማብራሪያ። ራሺ (1040–1105፣ ፈረንሳይ አገር ትሯ የምትባል ከተማ) አጭር ነው፣ ቃሉን አፍታቶላችሁ ያልፋል። እዚህ ጋ "ይዘው" የሚለውን ያዝ ያደርግና በትክክል ሁለቱም ስለያዙት ነው፣ በአንዱ እጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላው ምስክር ማምጣት ነበረበት ይላል። ቶሳፎት ከሱ በኋላ የመጡ ናቸው፣ የልጅ ልጆቹም አሉበት፣ ስራቸው ሩቅ ያለ ቦታን አምጥቶ ማጋጨት ነው። ባቫ ባትራ የሚባለው ሌላ መፅሀፍ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጀልባ ሲጣላ የበረታ ይውሰድ ተብሏል፣ እዚህ ለምን ይካፈሉ ተባለ ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሳቸውም ሁለቱም ስለያዙት ግማሽ ግማሹ በእርግጥ በእጃቸው እንዳለ ይቆጠራል የሚል ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ራሺን አትዝለሉ፣ ቶሳፎትን ግን ለጊዜው አቆዩት።

ጥቂት የመንገድ ምልክት የሚሆኑ ቃላት ደግሞ ያዙ። "ታ ሽማ" ሲል ማስረጃ እየመጣ ነው፣ "ማይ ታዓማ" ሲል ምክንያቱ እየተጠየቀ ነው፣ "ቴይኩ" ካለ ጥያቄው ሳይፈታ እንዲቆም ተደርጓል፣ እናንተም በጉልበት አትፍቱት።

ይሄ ሁሉ ክርክር ከእግዚአብሔር ጋ ምን አገናኘው ለሚል ሰው እዛው ባቫ መጺያ 59ኛውን ቅጠል አንብቡ። ረቢ ኤሊዔዘር ስለ አንድ ምድጃ ንፅህና ከሁሉም ተለየ፣ ተአምር አሳየ፣ ዛፍ ተነቅሎ ሄደ፣ ውሃ ወደኋላ ፈሰሰ፣ በመጨረሻ ከሰማይ ድምፅ መጣለት። ረቢ ኢያሱ ተነስቶ ከኦሪት ዘዳግም "በሰማይ አይደለችም" የሚለውን ጠቀሰ፣ ህጉ አንዴ ለሰው ተሰጥቷል፣ በብዙሃኑ ይወሰናል ለማለት ነው። ዔሩቪን የሚባለው መፅሀፍ 13ኛ ቅጠል ላይ ደግሞ የሂሌል ቤትና የሻማይ ቤት የሚባሉ ሁለት የሊቃውንት ወገኖች ሶስት አመት ተከራክረው የሰማይ ድምፅ የሁለቱም የህያው አምላክ ቃል ነው አለ፣ ህጉ ግን በሂሌል ቤት ሆነ፣ ትሁት ስለነበሩና የተቃዋሚያቸውን ቃል ከራሳቸው አስቀድመው ስለሚያስተምሩ። ይሄን እንደ ጥናት ደንብ ውሰዱት፣ የጓደኛችሁን ሀሳብ እሱ ራሱ አዎ እንደዛ ነው እስኪል ድረስ ሳትናገሩለት መቃወም የለም።

ፍጥነት አያሳስባችሁ። በ1923 የተጀመረ በቀን አንድ ቅጠል የሚባል ስርአት አለ፣ 2711 ቅጠል በሰባት አመት ተኩል ገደማ ይጨርሳል፣ ለጀማሪ ግን አንድ ገፅ ሳምንት ቢፈጅም አብሽሩ።

ከጋቢው ቀጥሎ የባቫ መጺያን ሁለተኛ ምዕራፍ ክፈቱ፣ ስለ ጠፋ እቃ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የተበተነ ብር አገኛችሁ እንበል፣ ሚሽናው ላገኘው ነው ይላል፣ ረቢ ይስሐቅም ሰው ኪሱን ቶሎ ቶሎ ስለሚዳብስ መጥፋቱን አውቆ ተስፋ ቆርጧል ብሎ ያስረዳል። ምልክት የሌለው እቃ ጠፍቶ ባለቤቱ ገና ካላወቀስ? አባዬ የሚባለው ሊቅ ሳያውቅ ተስፋ መቁረጥ የለም ይላል፣ ራቫ የሚባለው ሊቅ ደግሞ ቢያውቅ ይቆርጥ ነበርና እንደቆረጠ ይቆጠራል ይላል። ህጉ በአባዬ ነው የተወሰነው፣ እናንተ ግን አንዳችሁ አባዬን አንዳችሁ ራቫን ይዛችሁ ተከራከሩ፣ ስትጨርሱ ተቀያየሩና ከመጀመሪያው እንደገና ጀምሩ።