በትንሽ ኤስዩቪ ሳነቴን ተሻግሮ ሐረና መውረድ፦ እንዴት ይቻላል?

«በራቭ ፎር ባሌ ይገባል ወይ?» ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጎባ ድረስማ አስፋልት ነው፣ በምንም ይገባል። ጥያቄው ከጎባ በኋላ ያለው ነው። እዚያም ይገባል፣ ግን መኪናችሁን ከሥሩ ጀምሮ ካወቃችሁት። ላንድክሩዘር የያዘ ሰው ሲሳሳት መኪናው ይሸፍንለታል። ራቭ ፎር፣ ቪታራ፣ ቱሳን ወይም ኤክስትሬል የያዘ ግን ለስህተቱ ወዲያው ይከፍላል፣ ያውም በጎማ ወይ በካምቢዮ።

ምሳሌ የማደርገው ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ወጥቶ፣ በሐረና ደን ቁልቁል ወርዶ ደሎ መና የሚደርሰውን መንገድ ነው። ይህን የመረጥኩት ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ስለሚያሳይ ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በደኑ መሃል አድርጎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ቆላ ይወርዳል። ብርዱም፣ ኮረኮንቹም፣ ጭቃውም፣ ረጅሙ ቁልቁለትም አንድ ላይ አለ።

መጀመሪያ መኪናው ሥር ግቡ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን አንጥፉና ከኋላ በኩል ከመኪናው ሥር ተኙ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍል የብረት ጉብታ) አለ? ከፊት ወደ እሱ የሚመጣ ረጅም ዘንግ ይታያል? ሁለቱም ከሌሉ መኪናችሁ ቁመናው ምንም ይሁን በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ነው። ብዙ ራቭ ፎርና ቱሳን እንዲህ ናቸው፤ ባለቤቱ ግን ሁለት ዲፈረንሻል፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ነው ብሎ ያምናል። በእንዲህ ያለው መኪና በደረቅ ወቅት ሳነቴ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ሐረና ባትወርዱበት እመርጣለሁ።

ዘንጉ ካለ ቀጥሎ ጋቢና ውስጥ ቁልፎቹን እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 የተሠራው ግራንድ ቪታራ ባለ ከባድ ማርሽ (ፎር ኤል የሚለው) አለ፤ ጂምኒም አለው። እነዚህ ትንሽ ቢሆኑም እውነተኛ የገጠር መኪና ናቸው። ራቭ ፎር፣ ቱሳንና ኤክስትሬል ደግሞ «ሎክ» የሚል፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊቶቹ ጋር የሚያያይዝ ቁልፍ ይኖራቸዋል፣ ከባድ ማርሽ ግን የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባለው ራቭ ፎር ላይ ይህ ሎክ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስታልፉ ራሱ ይለቃል፤ ለቀስታ ብቻ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይግባችሁ። በነዚህ መኪናዎች ለኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው እንደ ፍሪሲዮን ያለ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የዲስክ መያዣ ነው። ጎማ እየዞረ መኪናው ቆሞ ከቀረ መያዣው ይግላል። ሲግል ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ይለቀዋል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ከዚያ በኋላ የያዛችሁት የፊት ጎማ ብቻ ነው። ጭቃ ውስጥ ነዳጅ መርገጥ ትንሽ ኤስዩቪን የሚገድለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ሜትር አምጡና ከመሬት እስከ ሆዱ ያለውን ለኩ። ራቭ ፎር ባዶውን 19 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ግን ባዶውን አትለኩት። አምስት ሰውና ሻንጣ ጫኑበትና ለኩ፤ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ደግሞ ምን እንደሚነካ እዩ። በትልልቆቹ የገጠር መኪናዎች ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዲፈረንሻል ብረት ነው፣ ድንጋይ ቢነካው ይቋቋማል። በትንሹ ግን ማርሚታው፣ የፕላስቲክ ሽፋኑና የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ነው። አቅም ካላችሁ ከሞተሩ ሥር የሚታሰር ወፍራም የብረት መከላከያ አሠሩለት። ከማንኛውም ጌጥ ይሻላል።

ወሩን ምረጡ፣ ከዚያ መናኸሪያ ሂዱ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። በክረምት በትንሽ መኪና ሐረናን አልመክርም፤ ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ሐረና ደን ስለሆነ ጎባ ሲደርቅም እሱ እርጥብ ሊሆን ይችላል። መረሬ አፈር ያለበት ቦታ ደግሞ ዝናብ ከነካው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ድፎ ዳቦ ያስመስለዋል። ያኔ አራቱም ጎማ ቢነዳ ዋጋ የለውም፣ ይንሸራተታል።

ጎባ ስትደርሱ ካርታ ላይ አፍጥጣችሁ አትቀመጡ። መናኸሪያ ሂዱና ዛሬ ወይም ትናንት ከደሎ መና የገባ ሹፌር ፈልጉ። «መንገዱ ደህና ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ ለአይሱዙ ሹፌር ሁሉም መንገድ ደህና ነው። «ትናንት ዘንቧል? ከሪራ መንደር በታች የቆመ መኪና አለ? ሚኒባስ ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሚኒባስ ካለፈ እናንተም ታልፋላችሁ። ስለ ሰላሙ ሁኔታም እዚያው ጠይቁ፤ አትሂዱ ካሏችሁ አትሂዱ።

ጎማ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጎማ ላይ አውሉት። ባለ 18 ወይም 19 ኢንች ቸርኬ ከተማ ላይ ያምራል፣ ግን የጎማው ጎን ስስ ነው፤ ስለታም ድንጋይ በአንድ ምት ይቀደዋል፣ ጎኑ የተቀደደን ጎማ ደግሞ ጎሚስታ አይጠግነውም። 16 ወይም 17 ኢንች ቸርኬ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሆን ጎማ አድርጉ።

ከጎባ ስትወጡ አየሩን ቀንሱ። አስፋልት ላይ 33 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ ነው) ከነበረ ለኮረኮንች ወደ 27 አውርዱት። ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ መኪናውም አይነጥርም። ጭቃ ወይም አሸዋ ከያዛችሁ እስከ 18 ድረስ ማውረድ ይቻላል፤ ያኔ ግን ፍጥነታችሁ ከ30 እንዳያልፍ፣ መሪም በኃይል አትጠምዝዙ፣ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። በሲጋራ መለኮሻው የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዙ። ያለ እሱ አየር መቀነስ የለም።

ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ሙሉ መጠን ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ በዚህ መንገድ አይሠራም። አሁን አዲስ አበባን የሞሉት ኤሌክትሪክ ኤስዩቪዎች ብዙዎቹ ስኮርታ ጨርሶ የላቸውም፣ ማጣበቂያና ፓምፕ ብቻ ነው የሚሰጧችሁ። ብዙዎቹም የሚነዱት በሁለት ጎማ ነው። ሆዳቸው ላይ ደግሞ ከመኪናው ሁሉ ውዱ ነገር፣ ባትሪው፣ ተነጥፏል። በነሱ ጎባ ድረስ ሂዱ፣ ከዚያ በላይ አትሞክሩ።

የሚያዝ ዕቃ

ብዙ አትያዙ፣ ክብደት ሆዱን ያወርደዋል። አካፋ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚሆን ወፍራም ጣውላ (ያለሱ ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ራሱ ይሰምጣል)፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ፊውዝ፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ ለሰው 10 ሊትር ውሃ፣ ብርድ ልብስ። ሳነቴ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ መኪና ተበላሽቶ ማደር ቢመጣ ብርድ ልብሱ ከአካፋው ይቀድማል። ነዳጅ ጎባ ወይም ሮቤ ሙሉ። ከባድ ዕቃ ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ አትጫኑ።

መጎተቻው ቀለበት ብዙ ጊዜ ከስኮርታው ጋር ተቀምጦ፣ መከላከያው ላይ ባለች ትንሽ ክዳን ውስጥ በብሎን የሚገባ ነው። ቤት ሳላችሁ አስገብታችሁ ሞክሩት። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ክዳኗን መፈለግ ጥሩ አይደለም።

መውጣት

ከጎባ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር 4,000 ሜትር ላይ የጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል። መኪናው ተበላሽቶ አይደለም፣ አትደንግጡ። ማርሽ ዝቅ አድርጉ፣ ኤርኮንዲሽን አጥፉ፣ አትቸኩሉ። አውቶማቲክ ከሆነ፣ በተለይ ሲቪቲ የሚሉት ካምቢዮ ከሆነ፣ በቀስታ ረጅም ዳገት ሲወጣ ይግላል። የሙቀት መብራት ከበራ ቁሙና ሞተሩን ሳታጠፉ ፓርኪንግ ላይ አቆዩት።

አምባው ላይ ከመንገዱ አትውጡ። ሜዳው ደረቅ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ረግረግ አለበት። ሌላም ምክንያት አለ፣ ለእኔ ይሄኛው ይበልጣል፦ ቦታው የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው፣ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ቀበሮዎችም አሉ። ከ30 አትለፉ።

ድንጋይ፣ ቦይ፣ ጭቃ

ትልቅ ድንጋይ ሲገጥማችሁ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ላሳልፈው አትበሉ። ሆዱን ይመታዋል። ጎማውን ድንጋዩ ላይ አውጡትና ቀስ ብላችሁ አውርዱት። የአይሱዙ ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥም አትግቡ፣ መሃሉ ላይ ያለው ጉብታ ያንጠለጥላችኋል። አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን የመንገዱ ዳር ላይ አድርጋችሁ እለፉ። የማይታያችሁ ከሆነ አንድ ሰው ወርዶ ከፊት ሆኖ ያሳያችሁ።

አንድ ጎማ አየር ላይ ተንሳፍፎ ቢዞርባችሁ ነዳጁን አትልቀቁ፣ አትጨምሩም። ባለበት ያዙት። በአዲሶቹ መኪናዎች ኮምፒውተሩ የሚዞረውን ጎማ በፍሬን ይይዘውና ጉልበቱን ወደ ሌላው ይልከዋል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል።

ጭቃ ላይ ደግሞ ሎኩን የምትጫኑት ከመግባታችሁ በፊት ነው፣ ከተያዛችሁ በኋላ አይደለም። የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለባትን ቁልፍም አጥፉ፣ አለበለዚያ ልክ ጉልበት በምትፈልጉበት ሰዓት ሞተሩን ያንቀዋል። ከዚያ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ መሪ ሳታወዛውዙ።

አንድ ክረምት ከሪራ በታች ይህን ሁሉ ረስቼ ነዳጅ ረገጥኩ። ጎማው ጭቃውን እስከ መስኮቱ ረጨው፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ መብራቱ በራ፣ የኋላው ሞተ። በፈረስ የሚያልፉ አንድ አባት ቆሙና ወረዱ። «ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል እስኪበርድ እሳቸው ድንጋይ እያቀበሉኝ በጎማዎቹ ፊት ደለደልኩ፣ አየር ቀነስኩ። ሲነሳ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳልነካ በሚባል ደረጃ፣ ወጣ።

እናንተም ስትያዙ ይህንኑ አድርጉ። አጥፉ፣ አካፋ አውጡ፣ ከጎማዎቹ ፊት ቆፍሩ፣ ክሪኩን ጣውላ ላይ አቁማችሁ ጎማውን አንሱና ሥሩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ሙሉ። ዛፍ አትቁረጡ። መኪና የሚጎትታችሁ ከተገኘ ገመዱ ተወጥሮ ቀስ ብሎ ይሳብ፣ ተንደርድሮ አይምታው፤ ቀለበቷ ለዚያ አልተሠራችም፣ ብትነቀል ሰው ትገድላለች። ሰዎች ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቁ።

መውረድና ውሃ

ከሳነቴ ወደ ሐረና ያለው ቁልቁለት የፍሬን ፈተና ነው። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፣ ልክ ናቸው። አውቶማቲኩን በእጅ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ላይ አድርጉት። ቁልቁለት የሚይዝ ቁልፍ ካለው ለአጭርና ቀጥ ላለ ቦታ ይጠቅማል፣ ግን የሚሠራው በዚያው በፍሬኑ ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ያግለዋል። ፍሬን ከሸተታችሁ ለጥ ያለ ቦታ ቁሙ። ውሃ አታፍስሱበት፣ ዲስኩ ይጣመማል።

የሚሻገሩት ውሃ ካለ በእግራችሁ ቀድማችሁ ግቡበት። ከጎማው መሃል ከበለጠ ወይም እግራችሁን ከገፋው ተመለሱ። ውሃ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ ደግማችሁ አታስነሱት፤ ውሃ ስቦ ከሆነ ሞተሩ ይሰበራል። ግፉት።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደሎ መና ካልተቃረባችሁ፣ ወይም የዲስክ መያዣው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከጋለ፣ ደህና ቦታ ፈልጋችሁ እደሩ ወይም ተመለሱ። እንዲህ አድርጋችሁ ሐረናን ስለወረዳችሁ ደግሞ ኤርታ አሌም በዚሁ መኪና ይሄዳል አትበሉ። እዚያ አስጎብኚዎቹ በላንድክሩዘር ተከታትለው የሚሄዱት ወደው አይደለም፣ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ጎማ ይበላል። ቱርሚ አካባቢ ያሉት የአሸዋ ወንዞችም ሌላ ናቸው፤ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ከደጋ ደራሽ ውሃ ይመጣል፣ አሸዋው ላይ ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ።

አስፋልት ስትደርሱ ጎማውን ወደ 33 መልሱ። ከተማ ስትገቡ ከሥር አሳጥቡት፣ በተለይ የቸርኬውን ውስጥ፤ ጭቃ ደርቆ ከቀረ መሪው ከ80 በላይ ይንቀጠቀጥባችኋል። ውሃ ከተሻገራችሁ የኋላ ዲፈረንሻሉን ዘይት አስከፍቱና እዩት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ በዚያው ቀን ይቀየር።